አጣዳፊ የቆሽት መቆጣት፦ ማን እንደሚከብደው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንዴት ይገመታል?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዋናነት ድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ተማሪዎች ነው። ከታመመ ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ «ይሄ ነገር ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» እያለ የሚጨነቅ ሰውም አብዛኛውን ሊከተለው ይችላል።

መጀመሪያ ነገር፣ ሕመሙ የቆሽት መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ከተገኙ በቂ ነው። አንዱ የሕመሙ ዓይነት ነው። ከእምብርት በላይ ይጀምራል፣ ይበረታል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ጀርባ ይወጋል። ሌላው የደም ምርመራ ነው፤ ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ (ቆሽት የሚሠራቸው ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች) ከጤናማው የላይኛ ወሰን ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሲሆን። ሦስተኛው በምስል ምርመራ የሚታይ ለውጥ ነው።

ሕመሙና ላይፔዙ ከገጠሙ ምርመራውን ለማረጋገጥ ብቻ ሲቲ ስካን ማንሳት አያስፈልግም። ግን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አይርሱ። የልብ ድንገተኛ ሕመምም የላይኛ ሆድ ሕመም መስሎ ይመጣል። የተበሳ ጨጓራ ደግሞ አሚሌዝን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

«ከባድ» የሚባለው የትኛው ነው?

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የተከለሰው የአትላንታ ምደባ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲሆን በ2012 ተከልሷል። ሦስት ደረጃዎች አሉት።

ቀላል የሚባለው ሌላ የአካል ክፍል ሳይጎዳ፣ ቆሽቱ ዙሪያም ችግር ሳይፈጠር የሚያልፈው ነው። መካከለኛ የሚባለው የአካል ክፍል ደክሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲያገግም፣ ወይም ቆሽቱ ዙሪያ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ ወይም የቆሽቱ ክፍል ሲሞት ነው። አብሮ የነበረ የቆየ ሕመም በዚሁ ምክንያት ሲባባስም እዚህ ይገባል። ከባድ የሚባለው ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የአካል ክፍል ድካም ከ48 ሰዓት በላይ መቆየት አለበት።

የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ ሳንባ፣ ኩላሊትና የደም ዝውውር። መለኪያው የተሻሻለው የማርሻል ነጥብ ይባላል። የደም ኦክስጅን ግፊት ለሚተነፈሰው የኦክስጅን ድርሻ ተካፍሎ 300 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሳንባ ደክሟል ማለት ነው። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ኩላሊት። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ወርዶ ፈሳሽ ተሰጥቶም ካልተመለሰ የደም ዝውውር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትርጉሙ ራሱ 48 ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ ገና አሁን በበር የገባን ሰው «ከባድ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መፈረጅ አይቻልም። የሚቻለው መገመት ነው፤ ግምቱን ደግሞ በየሰዓቱ ማረም። የዚህ ገጽ ግማሹ ነገር ከዚህ ይወጣል።

ስንቱ ሰው ነው የሚከብደው?

ከአምስት ሰዎች አራቱ ያህል በቀላሉ ያልፋቸዋል። በቂ ፈሳሽና ሕመም ማስታገሻ አግኝተው፣ ምግብ ጀምረው በጥቂት ቀናት ቤታቸው ይገባሉ። ችግሩ የቀረው አንዱ ነው። የአካል ክፍል ድካም ሳይመለስ ከቆየ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ሊሞት ይችላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ሁለቱም በመጀመሪያው ሰዓት አልጋ ላይ ተጣጥፈው ሲያቃስቱ አንድ ይመስላሉ።

ላይፔዙ ሺህዎች ውስጥ ገብቷል። ይሄ ከባድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ያህል የሚደጋገም የለም። ላይፔዝ «ቆሽት ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ ስለ ክብደቱ ግን ምንም አይነግረንም። ላይፔዙ ሦስት እጥፍ ብቻ ሆኖ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ አለ። ሠላሳ እጥፍ ሆኖ በሦስተኛው ቀን የሚወጣም አለ። በየቀኑ ደጋግሞ ማስለካትም ትርፉ ወጪ ነው። ምርመራው አንዴ ከተረጋገጠ ላይፔዙን ተዉት።

ታዲያ ገና ሲገባ ምን ልይ?

ከአልጋው አጠገብ ጀምሩ። የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ሽንት፣ ንቃት። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ ደጋግሞ መለካትም ይቻላል።

ከነዚህ ሦስቱ ከነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ጋር ሲርስ ለሚባለው መለኪያ ይገባሉ። ሲርስ ሰውነት በሙሉ ለመቆጣቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። የልብ ምት ከ90 በላይ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 በላይ፣ ሙቀት ከ38 በላይ ወይም ከ36 በታች፣ ነጭ የደም ሕዋስ ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች። ከአራቱ ሁለቱ ከተገኙ ሲርስ አለ እንላለን። ሲገባ ሲርስ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ይሻለዋል። የሚያስፈራው ሲርሱ 48 ሰዓት አልፎም ካልለቀቀው ነው።

ከላቦራቶሪ ሁለት ነገሮችን አስቀድማለሁ፤ ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋስ በደም ውስጥ ያለው ድርሻ) እና ቢዩኤን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው የዩሪያ ቆሻሻ)። ቆሽት ሲቆጣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ። ውኃው ከደም ይወጣል፤ ደሙ ይወፍራል። ስለዚህ ሄማቶክሪት 44 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ በ24 ሰዓት ውስጥ አልወርድ ሲል፣ ጥሩ ምልክት አይደለም። ቢዩኤን ደግሞ ኩላሊት በቂ ደም እየደረሰው መሆን አለመሆኑን ያሳብቃል። በመጀመሪያው ቀን ወደ ላይ ከሄደ ተጠንቀቁ።

ከሰውየው ራሱ ደግሞ ዕድሜ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የልብና የኩላሊት የቆየ ሕመም ይታያሉ። በደረት ራጅ ላይ በሳንባ ሽፋን መካከል ውኃ መታየቱም ይቆጠራል።

እነዚህ ምልክቶች የሚያሳስቱበት ጊዜ አለ?

ሞልቷል።

ሕመም ብቻውን የልብ ምትንና ትንፋሽን ያፈጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ። ሕመሙ ለቆ ምቱ 120 ላይ ከቀረ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ማስታገሻ ምርመራውን ያበላሻል ብሎ ሰው ማሰቃየት ዛሬ ምክንያት የለውም።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ተብሎ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምቱ 80 ሆኖ ሊያታልላችሁ ይችላል። የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቢዩኤን ከበፊቱም ከፍ ያለ ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ሄማቶክሪቷ 38 ቢሆን ለእሷ ያ የወፈረ ደም ሊሆን ይችላል። የድሮ ውጤት ካለ ፈልጉ። አዛውንቶች ላይ ደግሞ ሙቀት ላይነሳ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚታየው ግራ መጋባት ይሆናል።

ክብደትን ከሚገምቱት የነጥብ ስሌቶች የትኛው ይሻላል?

አንዱ ሌላውን በግልጽ አይበልጥም። ሁሉም መካከለኛ ናቸው። ልዩነታቸው መቼ እንደሚሞሉና ምን እንደሚጠይቁ ነው።

የራንሰን መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ ሁሉም የሚያስታውሰው እሱን ነው። 11 ነጥቦች አሉት። አምስቱ ሲገባ፣ ስድስቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞላሉ። ችግሩም ይኸው ነው። ድንገተኛ ክፍል ላለ ሰው ሁለት ቀን የሚጠብቅ መስፈርት ምን ይሠራለታል? ለፈተና ይጠቅማል፤ ለውሳኔ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

አፓቺ 2 በማንኛውም ሰዓት ሊሞላ፣ በየቀኑም ሊደገም ይችላል። 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከባድ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ግን 12 የአካል መለኪያዎች ይፈልጋል፤ ዕድሜና የቆየ ሕመም ይጨመሩበታል። የተሠራው ለጽኑ ሕሙማን ነው፤ በተጨናነቀ ድንገተኛ ክፍል ማን ጊዜ አለው?

ቢሳፕ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሲሆን ለድንገተኛ ክፍል የሚመቸኝ እሱ ነው። አምስት ጥያቄ ብቻ። ቢዩኤን ከ25 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ነው? ንቃቱ ተዛብቷል? ሲርስ አለ? ዕድሜው ከ60 በላይ ነው? በሳንባ ሽፋን መካከል ውኃ አለ? ለእያንዳንዱ አዎ አንድ ነጥብ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ይሞላል። ዜሮ ያገኘ ሰው የመሞት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው በግልጽ ይጨምራል። አምስቱም ሲሟሉ ከ20 በመቶ ያልፋል።

ድክመቱ ግን ከባዶቹን አጥርቶ አለመያዙ ነው። ብዙዎቹ ሲገቡ 3 አይደርሱም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቢሳፕ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዝቅ ያለ ቢሳፕ ግን ዋስትና አይደለም።

ሃፕስ በተቃራኒው ይሠራል፤ ማን እንደማይከብደው ይፈልጋል። ሆድ ሲነካ የሆድ ዕቃ ሽፋን መቆጣት ምልክት ከሌለ፣ ሄማቶክሪት ከፍ ካላለ፣ ክሪያቲኒንም ከ2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካልበለጠ ሃፕስ ዜሮ ነው፤ ሰውየው በጣም ሳይከብደው የማለፍ ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሞላ ነገር ነው።

በምሳሌ ይታይልኝ።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። የ68 ዓመት እናት ናቸው፤ ቢዩኤናቸው 29፣ የልብ ምታቸው 98፣ ትንፋሻቸው 22። ንቃታቸው ደህና ነው፣ ራጃቸውም ንጹሕ። ቢሳፕ 3 ነው፤ ለቢዩኤን አንድ፣ ለሲርስ አንድ፣ ለዕድሜ አንድ። አጠገባቸው የ45 ዓመት ጎልማሳ አለ። ቢዩኤኑ 18፣ ምቱ 112፣ ትንፋሹ 24፣ ሄማቶክሪቱ 47። ቢሳፕ 1 ነው።

ወረቀቱ «እናትየዋን ጠብቅ» ይላል። እሺ። ከ12 ሰዓት በኋላ ግን የእናትየዋ ቢዩኤን ወደ 20 ወርዷል፣ ምታቸው 82 ነው፣ ትንፋሻቸው 18፣ ሾርባ ይሰጠኝ ብለዋል። የጎልማሳው ቢዩኤን 27 ገብቷል። ሄማቶክሪቱ አልወረደም። ምቱ 124፣ ሽንቱ ቀንሷል፣ ኦክስጅን ካልተሰጠው መጠኑ ይወርዳል። አሁንም ቢሳፑ 2 ብቻ ነው። አሁን ክፍሉ ውስጥ በጣም የታመመው ሰው እሱ ነው፤ ሲገባ ያገኘው አንድ ነጥብ ግን ፋይሉ ላይ ተጽፎ ሰውን ያዘናጋል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ቁጥር ከአቅጣጫው የማላስበልጠው።

መቼ መቼ ይደገም?

ዋና ምልክቶችና የሽንት መጠን ቢያንስ በየጥቂት ሰዓቱ። የሚያሳስብ ሰው ላይ በየሰዓቱ። ቢዩኤን፣ ክሪያቲኒንና ሄማቶክሪት ሲገባ፣ ከዚያ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በ24 እና በ48 ሰዓት። ፈረቃ ስትለዋወጡ ደግሞ «ቢሳፑ 1 ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ምቱ ከ110 ወደ 90 ወርዷል» ወይም «አልወረደም» በሉ። ተረካቢው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሲአርፒስ?

በደም ውስጥ የመቆጣት መለኪያ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ለነገ። በ48 ሰዓት አካባቢ ከ150 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ ከባድ አካሄድን ያመለክታል። ሲገባ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ግን አይጽናኑበት፤ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል።

ሲቲ ስካን ወዲያው ቢነሳ ሁሉም ግልጽ አይሆንም?

ቤተሰብም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የቆሽት ሥጋ መሞቱ በሲቲ በደንብ እስኪለይ ሦስት ቀን ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የተነሳ ምስል ጉዳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። የባልታዛር የሲቲ ነጥብ ከ0 እስከ 10 የሚሰጥ ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ይሁን እንጂ በመግቢያው ቀን ሲሞላ በአልጋ አጠገብ ከሚሞሉት ነጥቦች የተሻለ አይተነብይም።

ቀድሞ የሚነሳበት ምክንያት ምርመራው ሲያጠራጥር ነው። የተበሳ አንጀት ወይም ደም የተቋረጠበት አንጀት ከተጠረጠረ ሦስት ቀን አይጠበቅም። ከዚያ ውጭ የሲቲ ጊዜው ሰውየው ከ72 ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ወይም ከተባባሰ ነው። አልትራሳውንድ ግን ለሁሉም ሲገቡ ይደረግ፤ የሐሞት ጠጠርን ለማየት።

ይከብደዋል ብዬ ከገመትኩ ፈሳሽ በብዛት ልስጥ?

ድሮ እንዲያ ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ዋተርፎል የተባለ ጥናት ሐሳቡን ቀየረው። አንዱ ቡድን በኪሎ 20 ሚሊሊትር በአንዴ፣ ከዚያ በኪሎ 3 ሚሊሊትር በሰዓት ተሰጠው። ሌላው ፈሳሽ ካነሰው ብቻ በኪሎ 10 ሚሊሊትር፣ ከዚያ በኪሎ 1.5 በሰዓት። ብዙ የተሰጣቸው አልተሻላቸውም። ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ግን 20.5 በመቶው ላይ ታየ፤ በሌላኛው ቡድን 6.3 በመቶ ነበር። 249 ሰዎች እንደገቡ ጥናቱ ለደኅንነት ሲባል ቆመ።

ስለዚህ ሪንገር ላክቴት፣ በመጠኑ፣ እየለካችሁ። እግርና ሳንባን እያያችሁ። ትንፋሹ የባሰበት ሰው ሕመሙ ይሁን የሰጣችሁት ፈሳሽ መለየት ሲያቅታችሁ ነገሩ ይወሳሰባል።

ኢንፌክሽን እንዳይገባ አንቲባዮቲክ ይጀመር?

ለመከላከል ብቻ ተብሎ አይሰጥም፤ ከባድ ይሆናል ተብሎ ቢገመት እንኳ። የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የተገኘ ኢንፌክሽን ካለ ግን ይሰጣል። ትኩሳት፣ ቢጫ መሆንና የሐሞት ቱቦ መዘጋት አንድ ላይ ከመጡ ቱቦው በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንዶስኮፒ መከፈት አለበት።

መንስኤው ክብደቱን ይወስናል?

በጥቂቱ። የሐሞት ጠጠርና አልኮል ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቀላልም ከባድም ያመጣሉ። የደም ትራይግሊሰራይድ ከ1,000 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያለፈበት ሰው ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ይህኛው ወደ ከባዱ የማዘንበል ነገር አለው።

እምብርት ዙሪያ ወይም ጎን ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክትስ?

መጽሐፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ሲታይ ከባድ ሕመምን ያመለክታል፤ ግን የሚታየው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። አለመኖሩ ምንም አይነግራችሁም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማን ይግባ?

የአካል ክፍል ድካም ያለበት፣ ጥያቄ የለውም። ከዚያ ውጭ ፈሳሽና ማስታገሻ አግኝቶ ሲርሱ የማይለቀው፣ ቢዩኤኑ የሚወጣ፣ የኦክስጅን ፍላጎቱ እየጨመረ ያለ ሰው። ዕድሜውና አብረውት ያሉ ሕመሞች ሲጨመሩ ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ቡድኑን ቶሎ ጥሩ። ክፍሉ ከሌለ ወይም አልጋ ከሞላ፣ ወደሚችል ሆስፒታል ስለ መላክ የሚወራው ሰውየው ከመውደቁ በፊት ነው። አምቡላንስ ውስጥ መተንፈስ ያቃተው ሰው ዘግይቶ የተላከ ሰው ነው።

ቢሳፑም ሃፕሱም ዜሮ ነው። ወደ ቤት ልላከው?

ነጥቡ ብቻውን አይልክም። ሕመሙ በሚዋጥ መድኃኒት ታግሷል? ይጠጣል፣ አያስመልሰውም? መንስኤው ታውቋል? ቢብሰው የሚያየው ሰውና ፈጥኖ የሚመለስበት መንገድ አለው? ለሁሉም አዎ ካላችሁ የሚቻልበት ቦታ አለ። እኔ ግን ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሆነውን ሰው ለመላክ አልቸኩልም። ሃፕስ ዜሮ የሆነው ገና ስላልጀመረ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተር ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይተነብይልንም?

ብዙ ይሞከራል። አንዳንዱ በራሱ መረጃ ላይ ከድሮዎቹ ነጥቦች የተሻለ ይመስላል። ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ያንኑ ያህል መሥራቱ ግን መታየት አለበት። እስከዚያው ቴርሞሜትሩና የሽንት መለኪያው አልተሻሩም።

ምግብ መከልከል አለበት?

ቤተሰብ ይዞት የመጣውን ምግብ መልሶ የሚወስደው «ቆሽት ይረፍ» ስለተባለ ነው። የቆየ ልማድ ነው። ማስመለስ ካቆመና መብላት ካሰኘው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ በአፍ መጀመር ይችላል። ካልቻለ በአፍንጫ ቱቦ ይሻላል፤ በደም ሥር መመገብ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መራብ መጀመሩም ከመልካም ምልክቶች አንዱ ነው።

ቤተሰቡ «ይድናል ወይ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ያላችሁን እውነት ንገሯቸው። «አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። የእሳቸው ወዴት እንደሚሄድ ዛሬና ነገ እናያለን። የልብ ምታቸው፣ ትንፋሻቸውና ኩላሊታቸው ይነግረናል። ነገ ጠዋት የደም ውጤታቸውን አይተን እንነግራችኋለን።» የቀጠራችሁትን ሰዓት ጠብቁ። ገና በመጀመሪያው ሰዓት «ቀላል ነው፣ አይዟችሁ» ብሎ ማታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማስገባት እምነትን ይሰብራል።

ሁለት ቀን አልፎት ደህና ከሆነ ነገሩ አለቀ?

የመጀመሪያው አደጋ አልፏል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገድለው የአካል ክፍሎች ድካም ነው። በኋላ የሚመጣው ደግሞ የሞተው የቆሽት ክፍል በኢንፌክሽን መመረዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ። ቀላሉ ዓይነት የነበረበት ሰው ላይ ይህ እምብዛም አይመጣም። የሐሞት ጠጠር ነው መንስኤው ከተባለ ግን ሐሞት ከረጢቱ እዚያው ሆስፒታል እያለ ቢወጣለት ይመረጣል፤ አለበለዚያ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ቤት የሄደ ሰው ትኩሳት ከተመለሰበት፣ ሕመሙ ከጀመረው፣ ምግብ አልረጋ ካለው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወዲያው ይምጣ። ሲመጣ ፋይሉ ላይ ያለውን የድሮ ነጥብ ትታችሁ እንደ አዲስ ለኩ። ሲቲ ስካን ደግሞ አሁን ጊዜው ነው።